የኩላሊት ኢንፌክሽን ሲያጋጥም፦ ምን እንብላ? ምን እንጠጣ? መቼ ሐኪም ዘንድ እንሂድ?

በዚህ ዓምድ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ አባላዘር በሽታዎችና ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ ወደ ኩላሊት ጎራ እንላለን።

«ኩላሊትና ኤችአይቪን ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኩላሊት ኢንፌክሽን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በሽንት ማቃጠል ነው። ሽንት ማቃጠል ደግሞ በአካባቢያችን እንደ ነውር ይታያል። በተለይ ልጅቷ ተማሪ ከሆነች «ምን አድርጋ ነው?» የሚለው ሹክሹክታ ከሕመሙ ይቀድማል። በዚህ የተነሳ ብዙዎች ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ እቤት ውስጥ ባገኙት ነገር ሊያስታግሱት ይሞክራሉ። በኤችአይቪም ላይ ለዓመታት ያየነው ይህንኑ ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

የዛሬው ትምህርታችን መልእክት አንድ ነው፦ የቤት ውስጥ እንክብካቤና ጥሩ ምግብ የመድኃኒት አጋዥ ናቸው፤ መድኃኒቱን ግን አይተኩም።

ኢንፌክሽኑ እንዴት ይመጣል?

ኩላሊቶቻችን ሁለት ናቸው። ከመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር፣ ከጀርባ አጥንታችን ግራና ቀኝ ይገኛሉ። ቅርጻቸው የቦሎቄ ፍሬ ይመስላል፤ መጠናቸውም የተጨበጠ እጅ ያህላል። በቀን ከ150 ሊትር በላይ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። አብዛኛውን ወደ ደም መልሰው፣ ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆነውን ከነቆሻሻው በሽንት ያስወጣሉ።

ሽንት ከኩላሊት በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወርዶ በሽንት ፊኛ ይጠራቀማል። ከዚያም በመውጫው ቱቦ ይወጣል። ተህዋሲያን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄዱት በተቃራኒው፣ ከታች ወደ ላይ ነው። ዋናዋ ተጠያቂ «ኢ ኮላይ» የተባለች ባክቴሪያ ናት። አንጀት ውስጥ ስትኖር ብዙም አትጎዳንም። ከሰገራ ተነስታ ወደ ሽንት ቱቦ ስትገባ ግን ፊኛን ታስቆጣለች፤ ካልታከመች ደግሞ ወደ ኩላሊት ልትወጣ ትችላለች።

ሴቶች ለዚህ ሕመም የበለጠ የተጋለጡ ናቸው። ምክንያቱ ጠባይ ሳይሆን አፈጣጠር ነው። የሴቶች የሽንት መውጫ ቱቦ ርዝመት 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የወንዶቹ ግን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። መንገዱ ባጠረ ቁጥር ባክቴሪያዋ ቶሎ ትደርሳለች። ለመፀዳጃው ቀዳዳ ያለው ቅርበትም ሌላው ምክንያት ነው።

ምልክቶቹ የትኞቹ ናቸው?

ሕመሙ ፊኛ ላይ ብቻ ሲሆን የሚከተሉት ይታያሉ፦

- ሲሸኑ ማቃጠል፣
- ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣትና ጥቂት ብቻ መውጣት፣
- ከእምብርት በታች መክበድና ማመም፣
- የሽንት መደፍረስ፣ መጥፎ ሽታ ወይም ደም መቀላቀል።

ወደ ኩላሊት ሲወጣ ደግሞ እነዚህ ይጨመራሉ፦

- 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣
- ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፣
- ከጎድን አጥንት ሥር፣ በአንድ ወይም በሁለቱም ጎን በኩል ሕመም፣
- ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ ከባድ ድካም።

ሁሉም ምልክቶች በአንድ ሰው ላይ ላይታዩ ይችላሉ። ትኩሳትና የጎን ሕመም አንድ ላይ ከመጡ ግን «ነገ ይሻለኛል» ብሎ መተኛት አይገባም።

«ብርድ ነው»፣ «ፀሐይ ላይ ሸንተሽ ነው»

በሥራዬ ምክንያት ወደ ትምህርት ቤቶች ስሄድ ስለ ሽንት ማቃጠል የምሰማው ማብራሪያ ብዙ ነው። «ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው»፣ «ፀሐይ እያየ ስለሸና ነው»፣ «ብርድ ኩላሊቱን መትቶት ነው» ይባላል። ሶሺዮሎጂ ስማር ከገቡኝ ነገሮች አንዱ፣ ሰው ለሕመም የሚሰጠው ስም የሚሄድበትን የሕክምና መንገድ እንደሚወስን ነው። «ብርድ ነው» ያለ ሰው ብርድ ልብስ ይደርባል፣ አረቄ ይጎነጫል። «ምች ነው» ያለ ዳማከሴ ይጨምቃል። ባክቴሪያዋ ግን በብርድ ልብስም በአረቄም አትሞትም።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ላንሳላችሁ። የምትማርበት ትምህርት ቤት የሴቶች መፀዳጃ ቤት መቀርቀሪያ የለውም፤ ውሃም የለውም። ስለዚህ እሷና ጓደኞቿ አንድ ዘዴ አበጁ፦ ጠዋት ምንም አለመጠጣትና እስከ ቤት ድረስ ሽንት መቋጠር። ከጊዜ በኋላ ሽንቷ ማቃጠል ጀመረ። ለማን ትናገር? ለእናቷ ብትናገር «ወንድ ጋር ሄደሽ ነው» እንዳትባል ፈራች። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን አገኘችና ሁለት ፍሬ ዋጠች። ትንሽ ቀለል አላት፤ መድኃኒቱ ግን በዚያው አለቀ። በሳምንቱ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና የጎን ሕመም መጣባት። ወደ እኔ የመጣችው ያኔ ነበር። ያስጨነቃት ሕመሙ ብቻ አልነበረም። «እትዬ፣ ኤድስ ይሆን እንዴ?» ብላ ነበር የጠየቀችኝ።

አብረን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። የሽንት ምርመራ ተደረገላት፤ የኩላሊት ኢንፌክሽን እንደሆነ ተነገራት። መድኃኒት በጀመረች በ3ኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። እናቷም ሐኪሙ ሲያስረዳቸው «ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ ልጄ!» አሉ እንጂ አልተቆጧትም።

ሕክምናው መጀመሪያ ይምጣ

የኩላሊት ኢንፌክሽን የሚድነው ሐኪም ባዘዘው አንቲባዮቲክ ነው። መድኃኒቱ እንደ ዓይነቱና እንደ ሕመሙ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል። ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መሻል ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው ታዲያ ብዙዎች የሚሳሳቱት። «ዳንኩ» ብለው የተረፈውን እንክብል ለሚቀጥለው ሕመም ያስቀምጣሉ ወይም ለጓደኛ ይሰጣሉ።

ፔኒሲሊንን በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን በታች የሚወስድ ሰው ባክቴሪያውን ከመግደል ይልቅ መድኃኒት እንዲለማመድ እንደሚያደርገው አስጠንቅቆ ነበር። የዛሬ ሐኪሞች ዋና ራስ ምታትም ይኸው ነው። ስለዚህ የተሰጣችሁን መድኃኒት እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጨርሱ። የሌላ ሰው መድኃኒትም አትዋጡ።

የቤት ውስጥ እንክብካቤ

መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ቤት ውስጥ የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ። አስታማሚም ሆናችሁ ታማሚ፣ እነዚህን ያዙ፦

1. ውሃ። በቀን ከ8 እስከ 10 ብርጭቆ፣ ማለትም በ1 ሊትር ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ መጠጣት ጥሩ ነው። በአንድ ጊዜ መጋት ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያሉ ነው የሚጠጣው። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በሌላ መንገድ የታከመ ይሁን። መለኪያው ሽንታችሁ ነው፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ጠጥታችኋል። ሐኪም «ፈሳሽ ቀንስ» ያለው የልብ ወይም የኩላሊት ድክመት ያለበት ሰው ግን የሐኪሙን ትእዛዝ ይከተል።

2. ካስመለሳችሁ። በየ5 ደቂቃው አንድ ሁለት ማንኪያ ኦአርኤስ ውሰዱ። ኦአርኤስ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። የዋጣችሁትን መድኃኒት የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ተመለሱ፤ በመርፌ የሚሰጥ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

3. ዕረፍት። ትኩሳቱ እስኪለቅ ከትምህርት ቤት መቅረት ነውር አይደለም። ፈተና ካለ የሕክምና ወረቀት አሳዩ።

4. ሕመም ማስታገሻ። ለትኩሳትና ለሕመም ፓራሲታሞል፣ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው መጠን ሳታሳልፉ መውሰድ ይቻላል። ዳይክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን ግን ሐኪም ካላዘዘ አትውሰዱ። እነዚህ ራሳቸው ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ በተለይ ሰውነት ውሃ ባነሰው ጊዜ።

5. ሙቀት። በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ ጎን ላይ ማድረግ ሕመሙን ያቀልላል። ቆዳ እንዳያቃጥል ግን ተጠንቀቁ። ሕመም ያስታግሳል እንጂ ባክቴሪያ አይገድልም።

6. ሽንት አለመቋጠር። ሽንት በመጣ ቁጥር ሽኑ። የሚወርደው ሽንት ባክቴሪያዎችን ጠርጎ ይወጣል።

ምን እንብላ?

የኩላሊት ኢንፌክሽንን የሚያድን ልዩ ምግብ የለም። የምግብ ሥራ አቅም መስጠትና ሰውነት እንዲዋጋ ማገዝ ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው የምግብ ፍላጎቱ ስለሚቀንስ፣ ጥቂት ጥቂት አድርጎ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ መመገብ ይሻላል። ከየቤታችን የማይጠፋ የአንድ ቀን ምሳሌ እነሆ፦

- ጠዋት፦ ቀጠን ያለ የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት፣ ዳቦ።
- ረፋድ ላይ፦ ሙዝ ወይም ፓፓያ።
- ምሳ፦ ክክ አልጫ ወይም ምስር አልጫ በእንጀራ፣ ከድንችና ከካሮት ጋር።
- መክሰስ፦ የተበጠበጠ በሶ ወይም እርጎ።
- እራት፦ የአትክልት ወይም የዶሮ ሾርባ፣ ካለ የተቀቀለ እንቁላል።
- በየመሃሉ፦ ውሃ።

«በርበሬ ኩላሊት ያቆስላል» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። በርበሬ ኢንፌክሽን አያመጣም። ሆዳችሁ እየታወከ ባለበት ሰዓት ግን የሚያቃጥል ወጥ ማቅለሽለሹን ሊያብስ ስለሚችል፣ እስኪሻላችሁ አልጫ ይሻላል። ቡናና ጠንካራ ሻይም የተቆጣ ፊኛን የበለጠ ሊያስቆጡ ስለሚችሉ ቀነስ አድርጓቸው።

ሌላ መታረም ያለበት ነገር አለ። «የኩላሊት ሕመምተኛ ሙዝ አይበላም፣ ባቄላና ሥጋ አይነካም» እየተባለ ትኩሳት የያዘውን ልጅ የሚያስርቡ ቤተሰቦች አሉ። ይህ ዓይነቱ ክልከላ ኩላሊታቸው ለረጅም ጊዜ ደክሞ ደም ማጣራት ላቃታቸው ሰዎች ሐኪም የሚያዝዘው ነው። ኢንፌክሽን ያጋጠመው፣ ኩላሊቱ ግን በደንብ የሚሠራ ወጣት ሐኪም ካልከለከለው በስተቀር የተመጣጠነ ምግብ ይብላ።

ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄና ቢራ በሕመም ሰዓት ፈጽሞ አይጠጡም። ጫትም የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፤ ዕረፍትና ምግብ ለሚያስፈልገው ሰው ጠላት ነው።

ሎሚ፣ ማርና ዝንጅብልስ? በልኩ ከሆነ ውሃውን ያጣፍጣሉ፤ ማቅለሽለሽም ሊያቀልሉ ይችላሉ። ሎሚው ሽንታችሁን የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ግን ተዉት። መጠናቸው ያልታወቀ ሥራሥሮችና ቅጠሎች ግን ሌላ ናቸው። አንዳንዶቹ ኩላሊትን ይመርዛሉ። የወሰዳችሁት ካለ ደግሞ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት።

ጾምና ጸበል

ጾም ላይ ሕመም ሲመጣ ብዙ ወጣቶች ይጨነቃሉ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ የታመመ ሰው ከጾሙ ሊፈቀድለት ይችላል። በእስልምናም የታመመ ሰው ሲሻለው ቀኑን እንዲያካክስ ተፈቅዶለታል። ውሃ ሳይጠጡ መዋል ለዚህ ሕመም ከባድ ነው።

ጸበል የምትጠጡም መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። በ2007 እ.ኤ.አ. በወቅቱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት ጎን ለጎን ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለኤችአይቪ የሠራ ምክር ለኩላሊትም ይሠራል።

ከኤችአይቪ ጋር ያለው ግንኙነት

አሁን ወደዚያች ተማሪ ጥያቄ እንመለስ። የሽንት ቱቦም ሆነ የኩላሊት ኢንፌክሽን ኤችአይቪ አለብህ ማለት አይደለም። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የአባላዘር በሽታም አይደለም። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጽማ የማታውቅ ልጅም ይይዛታል። ግንኙነት ባክቴሪያን ወደ ቱቦው ሊገፋ ስለሚችል፣ የጀመሩ ሴቶች ከግንኙነት በኋላ መሽናታቸው ይጠቅማቸዋል።

በሌላ በኩል «ኩላሊቴ ነው» ብሎ መዝጋትም አደጋ አለው። ጨብጥና ክላሚዲያም ሽንት ያቃጥላሉ። በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ብዙ ስለማይታይ፣ ሽንት ያቃጠለው ወይም ፈሳሽ ያየ ወንድ ሳይዘገይ መመርመር አለበት። ያልታከመ የአባላዘር በሽታ ደግሞ ለኤችአይቪ ያጋልጣል። በመገመት የሚለይ ነገር የለም፤ የሚለየው በምርመራ ነው። ለኤችአይቪም እንዲሁ፣ ራስን የማወቂያ መንገዱ የደም ምርመራ እንጂ ምልክት ቆጠራ አይደለም። መታቀብ ወይም ኮንዶምን በትክክልና ሁልጊዜ መጠቀም ከአባላዘር በሽታዎች ይጠብቃል፤ ከሽንት መቋጠር ከሚመጣው ኢንፌክሽን ግን አያድንም። ለእሱ ውሃና ንጽሕና ያስፈልጋል።

ከቫይረሱ ጋር የምትኖሩ ወጣቶች ደግሞ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ በሕመም ምክንያት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ። ሁለተኛ፣ የምትወስዱትን ሁሉ፣ ኮትሪሞክሳዞልንም ጨምሮ፣ ለሚያክማችሁ ባለሙያ ተናገሩ። በሕክምናው በስፋት የሚሰጠው ቴኖፎቪር አንዳንድ ጊዜ ኩላሊትን ሊነካ ስለሚችል ሐኪሙ የኩላሊት ምርመራ ሊጨምርላችሁ ይችላል። ሦስተኛ፣ የመከላከል አቅማችሁ ዝቅ ካለ ኢንፌክሽን ሊከብድ ስለሚችል ከሌላው ሰው ቀድማችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም የምትሄዱት መቼ ነው?

- ትኩሳትና የጎን ሕመም አንድ ላይ ከታዩ፣
- የጠጣችሁት ውሃም ሆነ የዋጣችሁት መድኃኒት ከሆድ ካልረጋ፣
- መድኃኒት ከጀመራችሁ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ትኩሳቱ ካልቀነሰ፣
- ሽንት በጣም ካነሰ ወይም ከቆመ፣ ወይም ደም ከታየበት፣
- መቃዠት፣ ራስን መሳት ወይም በጣም የፈጠነ ትንፋሽ ካለ፣
- ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ታማሚው የስኳር በሽታ ካለበት።

ችላ የተባለ ኢንፌክሽን ወደ ደም ተሰራጭቶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፤ እየተመላለሰ ሲይዝም በኩላሊት ላይ ጠባሳ ሊተው ይችላል። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በ2015 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ይህ ትልቅ እመርታ ነው። ነገር ግን ንቅለ ተከላው ከሌላ ሰው ኩላሊት መቀበልን ይጠይቃል። በአንድ ብርጭቆ ውሃና በወቅቱ በተወሰደ መድኃኒት ሊድን የሚችልን ኩላሊት ለዚያ ማድረስ አይገባም።

እንዳይመለስ

ውሃ ጠጡ። ሽንት አትቋጥሩ። ሴቶች ከተፀዳዱ በኋላ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጉ፤ በወር አበባ ጊዜ ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ የውስጥ ሱሪ ከጥጥ የተሠራና የማያጣብቅ ቢሆን ይመረጣል። ብልትን በውጭ በኩል በንጹሕ ውሃ መታጠብ በቂ ነው፤ ሳሙናም ሆነ ሽቶ ወደ ውስጥ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ የጋራ ሥራ አለን። መቀርቀሪያ የሌለው የመፀዳጃ ቤት በር ካለ፣ ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። አንድ መቀርቀሪያ፣ አንድ ጀሪካን ውሃና አንድ ሳሙና በየቀኑ ማስቀመጥ የፀረ ኤድስ ክበባችሁ ከተማሪዎች ኮሚቴና ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግሮ ሊያሳካው የሚችል ነገር ነው። ጤና ትምህርት የሚባለው በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፖስተር ብቻ አይደለም።

በክበባችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. የትምህርት ቤታችሁ መፀዳጃ ቤት ለሴቶች የሚመች ነው? ካልሆነ በዚህ ሳምንት ምን ማስተካከል ትችላላችሁ?
2. ጓደኛችሁ «ሽንት ያቃጥለኛል» ብትላችሁ የመጀመሪያው ቃላችሁ ምን ይሆናል?
3. ቤታችሁ ውስጥ የተረፈ አንቲባዮቲክ አለ? ለምን ተረፈ?
4. በአካባቢያችሁ ለሽንት ማቃጠል ምን ምን ምክንያት ይሰጣል? ከተማራችሁት ጋር አወዳድሩ።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ጊዜ ውሰዱ። «ምን አድርገሽ ነው?» ከማለት ይልቅ «ነይ፣ አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድ» የምትል አንዲት ጓደኛ፣ ሰው ካፈረበት ሕመም ታወጣዋለች። መልካም ጤንነት!